የማን ልጅ ነኝ አለ?

ባለፈው ቅዳሜ ሳን ሆዜ፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ ስዞር፣ በፀሐይ የጋለ የካሴት ፕላስቲክ ሸተተኝ። ካሴት ከሞላበት ካርቶን አንዱን አነሳሁ። ሽፋኑ ላይ የነበረው ስም ደብዝዞ ጠፍቷል፤ ፎቶው ላይ መኪናውን ተደግፎ የቆመውን ልጅ ግን ወዲያው ለየሁት። ማርከስ ነው።

ማርከስ በዘጠናዎቹ ኦክላንድ ጎረቤታችን የነበረ ራፐር ነው። የሚያሳትምለት ስላጣ ካሴቱን ራሱ እየቀዳ ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይሸጥ ነበር። ከኮንኮርድ እስከ ፍሪሞንት ያልቆመበት ፓርኪንግ የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ሲለማመድ፣ እኔና የአባቴ አጎት ጋሽ ደምሴ ደረጃው ላይ ተቀምጠን እንሰማዋለን። ጋሼ ከአገር ቤት ገና መምጣታቸው ነው፤ እንግሊዝኛ አይሰሙም።

«ምን እያለ ነው?» አሉኝ።

«የሚችለኝ የለም እያለ ነው።»

«ይሄማ ፉከራ ነው። የማን ልጅ ነኝ አለ?»

«እሱን አላለም።»

«የአባቱን ስም ሳይጠራ ይፎከራል እንዴ? ንገሪው እስቲ።»

እያፈርኩ ነገርኩት። ማርከስ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አባቱን እንደማያውቅ፣ ያሳደገችው እናቱ ሎሬታ እንደሆነች ነገረኝ። ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። ከዘራቸውን አሻሸት አደረጉ።

«እንግዲያ የእሷን ይጥራ» አሉ። «ያሳደገ ነው የሚጠራ።»

የሚቀጥለው ካሴቱ በእናቱ ስም ጀመረ። ሬዲዮ ግን አላጫወተውም። በኋላ ከሰፈሩ ለቀቀ፤ የት እንደደረሰ አላውቅም።

ሻጩ ካሴቱን እጄ ላይ አይቶ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«የሎሬታ ልጅ ነው» አልኩት።