በሙሽሮቹ መካከል ያለው ነጭ ሸራ

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ፎቶ ቤት ስል አንድ ክፍል፣ አንድ በርጩማና አንድ ሰማያዊ መጋረጃ ማለቴ ነው። ደንበኞቼ የከባድ መኪና ሾፌሮች ስለነበሩ ሥራዬ ሁሉ ጉርድ ፎቶ ነበር፤ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለመታወቂያ፣ አንዳንዴም ገዋኔ ላለች እጮኛ። ፊልም ቀርቶ ዲጂታል ሲመጣ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሜ ካሜራ ገዛሁ። መመሪያውን ግን አልገለጥኩትም። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳነሳ የኖርኩትን ሰውዬ ወረቀት ሊያስተምረኝ ነው እንዴ! የሸጠልኝ ሰው ብቻ፣ "ጉርድ ፎቶ ከሆነ ሥራህ በዚች ነጥብ አድርገው" ብሎ አንድ ነገር ነካክቶ ሰጠኝ። ፎቶዎቹ ያምሩ ስለነበር ነጥቧ ምን እንደምትሠራ ጠይቄም አላውቅ።

የቤቱ ባለቤት አጠገቤ ምግብ ቤት ያላቸው የወሎ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው። አንድ ልጃቸው ሰመራ ሊያገባ ሳምንት ሲቀረው እማማ ከደረጃ ወድቀው እግራቸው በጄሶ ታሰረ። ሙሽሪትን አይተዋት አያውቁም። ልጃቸው ሥራው ጅቡቲ ስለሆነ ሙሽሮቹ በሰርጉ ማግስት ድንበር ሊሻገሩ ነው፤ መቼ እንደሚመለሱ ደግሞ አላህ ይወቅ።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "ድግሱን ተወው፤ የበላውንም የጠጣውንም አታሳየኝ። የልጅቷን ፊት ብቻ አምጣልኝ።"

"አብሽሩ፣ እማማ!" አልኳቸው፤ አፌን ሞልቼ።

የሰርጉ ድንኳን ከላይም ከጎንም ነጭ ሸራ ነበር። ሙሽራው ነገረኛ አጎቶቹ ፊት ለፊት ተደርድረው ስላያቸው ሙሽሪትን ተጠግቶ መቀመጥ አፈረ፤ በመካከላቸው አንድ ወፍራም ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትቶ ተቀመጠ። እኔ ግን ሁለቱንም እኩል አድርጌ መሃላቸውን እያነጣጠርኩ፣ አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተንበርክኬ አነሳኋቸው። የሰመራ ፀሐይ ስክሪኑን መስታወት ስላደረገችው የወጣውን ማየት አልቻልኩም። ምን ቸገረኝ፤ በእጄ እተማመናለሁ።

ከሰዓት በኋላ ያረፍኩበት አልጋ ቤት ገብቼ ካሜራውን ከፈትኩት። ሙሽሮቹ ፊት የላቸውም! ግራና ቀኝ ሁለት ጥቁር ጥላ ተቀምጧል፤ ያ የሚያበራ ሸራ እንኳ አመድ መስሏል። ባትሪውን አውጥቼ መለስኩ፤ ሌንሱን በሸሚዜ ጠረግኩ፤ ሜሞሪው ላይ እፍ አልኩ፤ ካሜራውን ሰደብኩት። ከዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቡኒ ጃኬቴን ባነሳው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት እንደሚሻለው ልጅ ሆነብኝ። እማማ ጄሷቸውን ዘርግተው ሲጠብቁኝ ታዩኝ።

ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። የአልጋ ቤቱ ዘበኛ ሽማግሌ አፋር ናቸው፤ ጥላ ሥር ጥቁር ፍየላቸውን አስረው ተቀምጠዋል።

"ዳጉ አምጣ፣" አሉኝ።

አፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን አንድ በአንድ ሳይነጋገር አይላቀቅም፤ ዳጉ ይሉታል። በዳጉ መዋሸት ነውር ነው፤ መዝለልም ነውር ነው።

"ካሜራዬ ተበላሸ፣ አባቴ።"

"ይሄ ዳጉ አይደለም፤ ይሄ ለቅሶ ነው። ያየኸውን ተናገር። የት ቆምክ?"

"ፊት ለፊታቸው።"

"ከኋላቸው ምን አለ?"

"ነጭ ሸራ።"

"ካሜራው ዛሬ ደህና አድርጎ ያየው ምንድን ነው?"

"ጃኬቴን። ቡኒ ነው።"

"እስቲ ፍየሏን አንሳት።"

ጠጋ ብዬ አነሳኋት። ከሰል የመሰለችው ፍየል ግራጫ ሆና ወጣች። ሽማግሌው ስክሪኑን በእጃቸው ከልለው አዩና ተቆጡ። "ፍየሌን አስረጀሃት!" ቀጥለው የአጥሩን ነጭ ግንብ አስነሱኝ፤ እሱም አመድ ሆነ። ጢማቸውን ዳበሱ።

"ጥቁሩን ያነጣል፣ ነጩን ያጠቁራል። ይሄ ነገር መካከለኛ ይወዳል። ግን ሙሽሮቹ ነጭ አይደሉም። መሃል ላይ ምን ነበር?"

"ሙሽሮቹ ናቸዋ።"

"አትዝለል! ተጠጋግተው ነበር?"

"የለም፤ ሙሽራው አጎቶቹን ስላፈረ በመሃላቸው..."

ያቺ ነጥብ! ከሾፌሮቹ አፍንጫ ላይ እያረፈች ብርሃኑን ስትለካልኝ የኖረችው ነጥብ፣ ዛሬ ሰርጉን ሙሉ በሁለቱ መካከል ያለውን ሸራ ስትለካ ነው የዋለችው። ሸራው ሲበዛባት ብርሃኑን ቀነሰች፤ የሰዎቹ ፊት አብሮ ጨለመ። ካሜራው ምንም አልሆነም። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ሽማግሌው በእጃቸው ካሜራ ይዘው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ስቄም አፍሬም እጃቸውን ሳምኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሙሽሮቹ ሊነሱ ሲሉ ደረስኩባቸው። ሻንጣው ተጭኗል፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። ሙሽሪትን ለብቻዋ አቆምኳትና ነጥቧን ጉንጯ ላይ አሳርፌ፣ ቁልፉን በግማሽ ተጭኜ ልኬቱን ያዝኩት።

"የት ልይ?" አለችኝ።

"ወደ መስታወቱ። አማትሽ እዚህ ውስጥ ናቸው።"

ለማሳቅ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ለሌንሱ "አሰላሙ አለይኩም" አለችው፤ ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ያኔ ነው ቁልፉን የተጫንኩት። ከኋላዋ ያለው ድንኳን በብርሃን ተቃጥሎ ጠፋ፤ ይጥፋ። ፊቷ ግን፣ ቅንድቧ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ ሳትቀር፣ ወጣ።

አውቶቡሱ አዋሽ ሲያደርሰኝ ወሬው ቀድሞኛል። ዘበኛው ለአንድ ሾፌር፣ ሾፌሩ መንገድ ላይ አዳይቱ ከተማ ለሌላው፣ እንዲህ እያለ እማማ ምግብ ቤት ምሳ ሆኖ ቀርቧል። ገና ደፉን ስረግጥ እማማ፣ "ፍየሏ እንዴት አደረች?" አሉኝ። ተመጋቢው ሁሉ ሳቀብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። የሙሽሪትን ሰላምታ ግን ለማንም ስላልነገርኩ ዳጉውም አልደረሰበትም።

ፎቶውን አትሜ ለእማማ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አጠለቁ። ብዙ አዩት። ቆንጆ ናት እስኪሉ፣ ጎበዝ እስኪሉኝ፣ በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ቀኝ እጃቸው ቀስ ብሎ ደረታቸው ላይ ወጣ።

"ወአለይኩሙ ሰላም፣ ልጄ፣" አሏት።