አክስቴ ያልተሳፈረችበት ጀልባ

ልጅ እያለሁ ንፋስ የሚያስፈራኝ ሲነፍስ ሳይሆን ጭራሽ ጸጥ ሲል ነበር። እንዲያ ያለው ጸጥታ የአውሎ ነፋስ ዋዜማ ሊሆን እንደሚችል ያስተማረችኝ ማዳም ናት። እናቴ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር ባለችው የወደብ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር፣ እሷ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ ከግቢው ጀርባ ባለችው ክፍል እንኖር ነበር። ማዳም የአየር ንብረት ተመራማሪ ስለነበረች ግድግዳዋ ሙሉ የውቅያኖስ ካርታ ነው። ጣቷን ህንድ አጠገብ አድርጋ፣ «የኛ ዝናብም ሆነ ንፋስ እዚህ አይወሰንም፤ ከሩቅ ተነስቶ ነው የሚደርስብን» ትለኝ ነበር በፈረንሳይኛ።

አንድ ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ሙሉ፣ ከወሎ መጣች። ወደ የመን የምታሻግራት ጀልባ እስክትነሳ እኛ ጋ ተጠጋች። ቅባት ቅባት በሚሸት እጇ ፀጉሬን እየጎነጎነች ስለ ሳዑዲ ታወራኝ ነበር። የሚያሻግራት ደላላ የጀልባዋን መነሻ ሰዓት ልነግርሽ ዓርብ ከሰዓት እደውላለሁ ብሏታል።

ሐሙስ ዕለት ማዳም ካርታው ላይ ቀይ ክብ ሣለች። አውሎ ነፋስ ነው፤ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ሊዞር ይችላል አለችኝ። «ይችላል» የሚለውን ማን ሰምቶት! ሮጬ ለአክስቴ ብነግራት ሰማዩን ቀና ብላ አየችና፣ «እንዲህ ጥርት ብሎ? ሂጂ ወዲያ፣ ሟርተኛ!» ብላ ሳቀችብኝ። እናቴም ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብላ ተረተችብኝ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ አክስቴ ገላዋን ስትታጠብ ስልኳን አጥፍቼ ሩዝ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት። ክፍሉን ገለባብጣ ስታጣው እኔን ጠየቀችኝ። በማርያም አላየሁም ብዬ ማልኩ። ጀልባዋም ጥላት ሄደች። ቅዳሜ ልመልሰው ጆንያውን ብበረብር ስልኩ የለም። ማን እንዳወጣው ለመጠየቅ ድፍረቱ ከየት ይምጣ!

አውሎ ነፋሱ ወደ ሶማሊያ ዞረ። አብረዋት ሊሄዱ የነበሩት በሰላም መሻገራቸውን ስንሰማ ክው አልኩ። እንጀራዋን ዘጋሁባት ብዬ ለዓመታት ፊቷን ማየት ፈራሁ።

አሁን እኔም እነዚያኑ ንፋሶች አጠናለሁ፤ አክስቴ እዚያው ከተማ፣ ካርቲየ 6 ሰፈር፣ ሱቅ አላት። ባለፈው ወር ጨክኜ ነገርኳት። ሽንኩርት እየመዘነች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«የዚያኑ ዕለት ለእራት ሩዝ ስሰፍር አገኘሁት» አለችኝ። «ጀልባዋ ገና አልተነሳችም ነበር። ግን አልከፈትኩትም። ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። ያን ያህል ፎክሬ ወጥቼ፣ ፈራሁ በምን አፌ ልበል?»

ያኔ በዚያ ቤት የምፈራው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ጥቅምት ሲገባ እፈራለሁ፤ አሁን ግን ደውዬ «ፈራሁ» የምላት ሰው አለችኝ።