ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የማይሸምነው ሸማኔ

ባለፈው ሳምንት ከአርባ ምንጭ ዶርዜ የወጣሁት ወንድ ፍለጋ ነው... አትሳቁ፣ ለሥራ ነው።

ሬዲዮ ጣቢያ ነው የምሠራው። የሴቶችን ፕሮግራም የተረከብኩት ከእትዬ ብዙነሽ ነው። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ማይክ ስለ ሴቶች መብት ስትሟገት፣ ስትሰደብም ስትመረቅም ኖራ አምና አረፈች። ወንበሯ ሰፍቶኛል፣ አልዋሽም።

በዚያ ላይ አለቃዬ ጠራኝና «ይህን ፕሮግራም ወንድ አይሰማውም። በዚህ ወር አንድ የሚሰማ ወንድ ቀርጸሽ ካላመጣሽ ሰዓቱን ለኳስ እሰጠዋለሁ» አለኝ። ከተማው ውስጥ ያልጠየቅሁት የለም... መልሱ ሁሉ «ሚስቴ ትሰማዋለች» ነው። እትዬ ብዙነሽ የለፋችበት በእኔ እጅ ሊቀር ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ዶርዜ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ፕሮግራሙ ጀምሯል። ከአንድ ግቢ ቀድሞ የተቀረጸ የራሴን ድምፅ ሰማሁና ዘው አልኩ። አንድ ጠና ያሉ ሸማኔ ሬዲዮው አጠገብ ቁጭ ብለው... ጥጥ ይፈትላሉ።

አገሩን ለማያውቅ ምንም ላይመስል ይችላል። ዶርዜ ግን ወንዱ ይሸምናል እንጂ አይፈትልም፤ እንዝርት የሴት ነው። ሰውየው ሲያዩኝ እንዝርቱን ጋቢያቸው ውስጥ ወሸቁት። ጥጡ ጉልበታቸው ላይ ቀረ።

ባለቤታቸው እትዬ አየለች ከቤት ብቅ ብለው ሳቁ። «አትደብቅ፣ አይታሃለች።»

እኔ ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ነገሩን አስረዱኝ።

«ብዙነሽ ናት ይህን ያመጣችው፣ ነፍስ ይማር። ሽመናው ሲንኳኳ ሬዲዮው አይሰማንም ብለን ደወልንላት። እሷም ‹ሸማኔዎች፣ ለዚህ ግማሽ ሰዓት መወርወሪያችሁን አስቀምጡ› ብላ ተናገረች። ይሄ ሰውዬ መጀመሪያ ሰደባት። በኋላ ግን ሽመናውን አቆመ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እጁ ሥራ ፈታ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ደግሞ አያውቅም። እየሰማ እንዝርት አነሳ።»

ባልየው ጋሽ ወልዴ አቀረቀሩ። «አየለች የፈተለችው ክር ሲበጠስ እሷን እቆጣ ነበር። ራሴ ስፈትለው ክንድ አይሞላም፣ ብጥስ ነው» አሉ።

መቅረጫዬን አውጥቼ ይህንኑ እንዲናገሩልኝ ለመንኳቸው።

«አይሆንም። ሸማኔው ሁሉ ይስቅብኛል።»

ስለ ኳሱ ነገርኳቸው። ፕሮግራሙ ሊዘጋ መሆኑን ሲሰሙ እትዬ አየለች ፊታቸው ጠቆረ። ጋሽ ወልዴ እሳቸውን አዩ፣ ሬዲዮውን አዩ...

«እሺ፣ እናገራለሁ። ስሜን ግን እንዳትጠሪ።»

«ታዲያ ማን ልበልዎት?»

ትንሽ አሰቡ። «የአየለች ባል በይኝ።»

ሴት ሁሉ የእከሌ ሚስት ተብላ በምትጠራበት አገር ይህን ሰማሁ። እትዬ ብዙነሽ ሳትሰማው መሄዷ ቆጨኝ። አለቃዬ ቀረጻውን ሁለት ጊዜ ሰምቶ ለኳሱ ሌላ ሰዓት ፈለገለት።

ጋሽ ወልዴ ግን እስካሁን የተደበቁ ይመስላቸዋል... ዶርዜ ውስጥ አየለችን የማያውቅ ማን አለና።