የማንም ቋንቋ ያልሆነው ዘፈን

በደርግ ዘመን መተማ ላይ አስተማሪ ሳለሁ፣ ከሱዳን የገባ አንድ የህንድ ፊልም ዘፈን ካሴት ሻይ ቤታችንን ገዝቶት ነበር። አንዲት ሴት እየዘፈነች መሀል ላይ ሳግ ይተናነቃታል፤ ቫዮሊኑ ይቀበላትና ያለቅስላታል። ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የወረዱት ሰዎች ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ይፈዛሉ። ፊልሙን ያየ ግን አንድም ሰው የለም። ጎጃሜው «ልጇ ሞቶባት ነው» ሲል ወሎዬው «የለም፣ ባሏ ከድቷት ነው» ይላል።

ንትርካቸው ሲያንገሸግሸኝ፣ ትምህርት ቤታችን ሒሳብ የሚያስተምሩትን ህንዳዊ አዛውንት አንድ ቅዳሜ ለምኜ አመጣኋቸው፤ ተርጉመው ይገላግሉን ብዬ።

ካሴቱ ተከፈተ። ሴትዮዋ ሳግ ሲተናነቃት እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እሺ ጋሼ፣ ምን እያለች ነው?» አለ ወሎዬው።

«አላውቅም» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው። «ህንድ ቋንቋው ብዙ ነው። ይሄ የእኔ አይደለም።»

በሸቅሁ። «ታዲያ ምን አስለቀሰዎት?»

ወደ ባለ ሻይ ቤቱ ዞረው «ድገመው» አሉት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ልጇም ስለ ባሏም የተነታረከ ሰው አልሰማሁም። ዘፈኑ ሲያልቅ «ድገመው» ብቻ ነው የምንለው።