ቪዚዮኒ በባዶ ሆድ

በ1955 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ዳንግላ፣ ከገበያው በላይ ነው። የእናቴ ወንድም ባይህ ጋሪ ይነዳል፤ ቀድሞ ባሕር ዳር ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ሠርቶ ስለነበር ጣሊያንኛ አውቃለሁ ባይ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሪውን ከደጃችን አቁሞ፣ «ዛሬ ሲመሽ ገበያው ሜዳ ላይ ቪዚዮኒ አለ፤ በመኪና መጥቷል» አለ።

አባቴ የፈረሱን ጀርባ እያሸ ነበር። «ምንድን ነው እሱ?» አለው።

ሲኒማ ነው ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። አዋቂነቱን ማሳየት አማረውና፣ «በጣሊያንኛ ራእይ ማለት ነው፣ አያ ተሰማ» አለ።

«ራእይ ከሆነ በጾም ነው የሚታይ። ዛሬ እህል የቀመሰ ከእኔ ጋር አይሄድም።»

እናቴ፣ «የሰኞ ጾም ደግሞ ከየት መጣ?» አለች። እሷ ቃሉን «ብዙ ዓይኔ» ነበር የምትለው፤ ዓይን ከሆነ ሆድን ምን አገባው ነው ነገሯ። አባቴ ግን አንዴ ካለ አለ ነው። እኔም የእሱ ልጅ ነኝ። የተቀቀለ ድንች ከጓዳ ሲሸተኝ ጓሮ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ባይህ አዝኖልኝ ትኩሱን ድንች ይዞልኝ መጣ።

«ብላ፣ አላየሁም።»

«አንተ ባታይም፣ ከበላሁ ቪዚዮኒውን አላይም» አልኩት። ራሱ እየላጠ በላው።

ሲመሽ ባለመኪኖቹ ገበያው ሜዳ ዳር ካለው ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጥረው ጠበቁን። ሞተሩ ተንደቀደቀ፤ ወዲያው ከጨርቁ ውስጥ ፈረሶች ወደ እኛ ጋለቡ። ሰዉ ተበተነ። አባቴ ብቻ እኔን ከኋላው አድርጎ፣ ጋቢውን ዘርግቶ፣ በአዊኛ «ቁሙ» እያለ ፊታቸው ተገተረ። እውነትም ፈረሶቹ ጠፉ። ሥዕሉ ተቀይሮ ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገረው? ሴቶቹ እልል አሉለት።

ወደ ቤት ስንመለስ ባይህ፣ «አያ ተሰማ፣ ራእዩን እኮ እርስዎ መለሱት» አለ።

«በልቼ ቢሆን ይረግጡን ነበር» አለ አባቴ። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

ከዚያ ወዲያ ምሳ በዘገየ ቁጥር ቤታችን ውስጥ «ዛሬ ቪዚዮኒ ነው ወይ?» ይባል ጀመር። አሁን የልጅ ልጆቼ እየጎረሱ በስልክ ያያሉ፤ ምን እንዳዩ ስጠይቃቸው ረስተውታል። እኔ የፊተኛውን ፈረስ የግንባሩን ነጭ ቦቃ እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ፈረሶቹን ባየን በማግስቱ ጠዋት እናቴ ገንፎ ብታቀርብልኝ ገፋሁት።

«ምነው፣ አመመህ?»

«ምናልባት ዛሬም ቢኖርስ?» አልኳትና ወደ ገበያው ሜዳ ሮጥኩ። አባቴ ቀድሞኝ ባዶውን ግድግዳ እያየ ተቀምጧል። ጋቢውን ገለጥ አደረገልኝ፤ ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።