አባ ለሁሴን ያረጠበው ትንባሆ

ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራዩኝ ጡረተኛ መምህር አሉ። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ጋብ ሲል ጣሳ ይዘው ወደ ማድ ቤት ብቅ አሉና፣ «እትዬ ፋጡማ፣ የድንች ልጣጭ አይጠፋም መቼም? የፒፓ ትንባሆዬ ደርቆ ገለባ ሆነብኝ፤ በልጣጭ ላርጥበው» አሉኝ። ልጣጩን ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላ ምሳ መሥራት አልሆነልኝም፤ በርጩማዬን ስቤ ተቀመጥኩ።

አባቴ ይማም የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። ደሴ ሲሠራ ከአንድ የውጭ አገር ሐኪም ፒፓ ማጨስ ለምዶ፣ ያንን አመል ይዞ መካነ ሰላም ገባ። እናቴ «ሸይጣን አፍህ ውስጥ እሳት አነደደ» ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል። ከምድጃው ፍም አንሥቶ የሚለኩስለት ታላቅ ወንድሜ ሁሴን ነበር። ሌላ ሰው ሲለኩስለት አይጥመውም።

ሁሴንን ከገበያ አፍሰው ወደ ጦር ሜዳ የወሰዱት ጊዜ አባ የትንባሆ ጣሳውን ከድኖ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለው። «ልጄ መጥቶ ይለኩስልኛል» አለ። ዓመታት አለፉ፤ የሁሴን ወሬ ጠፋ።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። በዚያ ሰኔ የተበተነው ወታደር በወረኢሉም በአቀስታም መንገድ፣ ገሚሱ ጆንያ ለብሶ፣ ጭቃውን እየቧጠጠ ያልፍ ነበር። የገብስ ቆሎ እየዘገንን እንሰጣለን፤ ስንሰጥም ፊት ፊታቸውን እናያለን። አንድ በአቀስታ በኩል የመጣ ወታደር የሁሴንን ስም ስንጠራለት ቆም አለ። «ሁሴን ይማም? ደሴ ነው የተለያየነው። በመካነ ሰላም በኩል እሄዳለሁ ብሎኛል። እግሩ ትንሽ ቆስሏል እንጂ ደህና ነው።»

አባ ጣሳውን አወረደ። ትንባሆው በጣት ሲነኩት ይደቅቃል። እኔ ውሃ ላርከፈክፍበት ስል እጄን ያዘኝ።

«ተይ ፋጤ፣ ይሻግታል። እርጥበቱን ቀስ ብሎ ይሳበው።»

ሰፊ ሳህን ላይ በተነው፤ እርጥብ ጨርቅ ጨምቆ፣ ትንባሆውን እንዳይነካው አድርጎ ከላይ ወጠረበት። ትንሽ ለስለስ ሲል ወደ ጣሳው መልሶ ከድንች ልጣጭ ጋር ከደነው። ጠዋት ጠዋት ልጣጩን ይለውጣል፤ ትንባሆውን በጣቶቹ ጫን አድርጎ ይለቀዋል፤ ሳይሰበር ቀስ ብሎ ሲነሣ የአባ ፊት ይፈካል። ቤቱ የደረቀ ፍሬና የማር ሽታ ሸተተ። ሽታውን ትጠላ የነበረችው እናቴ ድንቹን ራሷ ትልጥለታለች። ሁሴን የሚወደውን ጭኮ በቅቤ አሽታ አስቀመጠች። «ይምጣልኝ እንጂ ቤቱን በጢስ ይድፈኑት!» ትላለች። ቤታችን ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ካፊያ ይጥላል። ከመስጊዱ በኩል እልልታ ተሰማ። «ሁሴን ይማም መጣ!» እናቴ ሻሿን ሳታስር ሮጠች። በዱላ የተደገፈ ከሲታ ወጣት ግቢው ውስጥ ቆሟል። ጦርነት ለውጦት ይሆናል ብዬ በፊቱ ላይ ወንድሜን ፈለግሁት። እናቴ ጉንጮቹን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ እጇን ቀስ ብላ አወረደች።

«እናቴ፣ እኔም ሁሴን ይማም ነኝ» አለ። «ግን የከላላው ነኝ። በየመንገዱ ስሜን የሰማ ሁሉ አባትህ መካነ ሰላም እየጠበቀህ ነው ሲለኝ ጊዜ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ራሴ ልንገራችሁ ብዬ መጣሁ። የናንተን ልጅ አላውቀውም፣ ወላሂ። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ጎረቤቱ አንድ በአንድ ሹልክ እያለ ወጣ።

«አብሽር ልጄ፣ ግባ። ዝናብ ላይ አትቁም» አለ አባ። ቁስሉን አጥቦ አሰረለት። እናቴ ጭኮውን አቀረበችለት። አባ ፒፓውን ሞላና አፉ ላይ አደረገው። ልጁም ነገሩን ሳያውቅ፣ ታላቅን ለማክበር ብሎ ፍም አነሣ።

«ልለኩስልዎ፣ አባባ?»

አባ የፒፓውን አፍ በመዳፉ ሸፈነ። «ይቅር ልጄ» አለው። የሞላውን ወደ ጣሳው መልሶ ገለበጠና ጣሳውን በሙሉ ሰጠው። «ለአባትህ ውሰድለት። ሳይደርቅ ያጭሰው።»

በነጋታው ልጁ ወደ ከላላ ሄደ። አባ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ፒፓ ግን ዳግም አልነካም፤ ስለ ሁሴንም አላነሣም። ጎረቤት ሊያስተዛዝን ሲመጣ እናቴ በር ላይ ቆማ፣ «መርዶ ሳይመጣ አይለቀስም» እያለች ትመልሰው ነበር። መርዶ ሳይመጣ ሁለቱም አለፉ። ለእነሱ ተለቅሷል፤ ሰደቃም ወጥቷል። ለሁሴን ማንም አንድ ቀን ተቀምጦ አላለቀሰለትም።

ሰው ተስፋ አትቁረጪ ይለኛል። ተስፋ እናትና አባቴን ምን እንዳደረጋቸው አይቻለሁ። አሁን የቀረሁት እኔ ነኝ፤ መርዶው ዛሬ ቢመጣ እንኳ ተቀብሎ የሚያለቅስ ከእኔ ሌላ የለም። እኔም አርጅቻለሁ።