ጀርም ያልተገኘበት ደም

በ1975 ዓ.ም. ክረምት ልጄን አልማዝን ማታ ማታ ትኩሳት ጀመራት። ጠዋት አንሶላዋ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ስለሚያማት የልቧ ቫልቭ እንደተጎዳ ቀድሞ ተነግሮን ነበር።

እዚያው በምንኖርበት ሳጉሬ ጠበል አስገባኋት። ጠበል ላይ ያለ ሰው ኪኒን አይወስድም ይባል ነበር። እኔ ግን ቀይና ጥቁሩን ካፕሱል፣ አምፒሲሊን፣ ከሱቅ በፍሬ እየገዛሁ በድብቅ ሰጠኋት። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ይተዋትና ይመለሳል።

እየከሳች ስትሄድ አሰላ ሆስፒታል ወሰድኳት። የንስሐ አባታችን ባለቤት ወይዘሮ በላይነሽ አብረውን መጡ። ሐኪሙ ልቧን አዳመጠ። በጥፍሮቿ ሥር እንደ ስንጥር የቀጠኑ ቀይ መስመሮች አየ።

«የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን፣ ኢንዶካርዳይቲስ ይመስለኛል። ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስዳለች?»

ወይዘሮ በላይነሽ አጠገቤ ቆመዋል።

«ጠበል ብቻ ነው» አልኩት።

ደሟ ሦስት ጊዜ ተቀድቶ፣ ጀርሙን አብቅሎ ለሚያሳየው ለካልቸር ምርመራ ተላከ። ምንም ጀርም አልበቀለም። ሐኪሙ ተጠራጠረ፤ ሌላ በሽታ ይሆናል ብሎ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አዘዘ። እግሯ አበጠ። ትንፋሽ አጠራት።

«እማዬ፣ ንገሪው እንጂ» አለችኝ። «ስትዋሺ እኮ ጆሮሽ ይቀላል።»

ነገርኩት።

አልተቆጣኝም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እናቴ፣ የጎደለኝ ይሄ ነበር። ካፕሱሉ ጀርሙን አዳከመው እንጂ አልገደለውም። ምርመራው ላይ እንዳይታይ ግን አደረገው።»

የዚያኑ ዕለት ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን በመርፌ ጀመረላት። መርፌው ስድስት ሳምንት ዘለቀ፤ በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ለቀቃት፣ በአራተኛው የአልጋዋን ብረት እየያዘች እስከ መስኮቱ መሄድ ጀመረች፣ ጭላሎ ተራራ ከጉም ወጥቶ በታየ ቀን ደግሞ ፀጉሯን ራሷ አበጠረች። እግዚአብሔር ይመስገን። ያንንም ሐኪም ይባርክልኝ።

ልጅ የምታስታምሙ ሁሉ፣ የሰጣችሁትን መድኃኒት፣ አንድ ፍሬም ቢሆን፣ ደም ሳይቀዳ ተናገሩ። ስሙን ባታውቁት አንዱን ፍሬ ይዛችሁ ሂዱ። ምርመራው ምንም አላሳየም ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም።

ሳጉሬ በገባን ማግስት ጠዋት የተረፉትን ካፕሱሎች ይዤ ወይዘሮ በላይነሽ ቤት ሄድኩ። በፊታቸው መዋሸቴን ነገርኳቸው። ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፤ ሁለት ካፕሱል፣ ያው ቀይና ጥቁር።

«ጠበል ስጠመቅ ለወገቤ ከዋጥኩት የተረፈ ነው» አሉ። «ለቄሱ እንዳትነግሪብኝ።»

«ሁለታችንም እንናዘዝ» አልኳቸው። እጃቸውን ይዤ ወደ ቄሱ አብረን ሄድን።